ለብላክስበርግ ምረቃ በአርቪ ለምትሄዱ፦ የት ማረፍ፣ ከማን መከራየት፣ ምን መያዝ

ልጆቻችሁ ብላክስበርግ ባለው ቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ለሚማሩ የዲሲ አካባቢ ወላጆች ጥቆማዬን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ለምረቃ ክሌይተር ሌክ ስቴት ፓርክ መብራትና ውኃ ያለው ቦታ ያዙ። አርቪውን፣ ማለትም አልጋ፣ ማብሰያና መጸዳጃ ያለውን የመኪና ቤት፣ ከአሌክሳንድሪያ ወይም ከሲልቨር ስፕሪንግ እየነዳችሁ ከመሄድ ይልቅ ደግሞ ብላክስበርግ አካባቢ ካለ የአርቪ ባለቤት ተከራዩና ቦታው ድረስ ያምጣላችሁ። እኔ ሁለቱንም ሞክሬዋለሁ፤ መጀመሪያ በኦክቶበር ልጄን ልንጠይቅ ራሳችን ነድተን ሄድን፣ ለምረቃዋ ደግሞ ተከራይተን ያመጡልን ዘንድ አደረግን። ለምን ሁለተኛው እንደሚሻል ላስረዳ።

አርቪ ያሰብነው ወደን አልነበረም። ብላክስበርግ ትንሽ የኮሌጅ ከተማ ናት፤ ነዋሪዋ ተማሪውን ጨምሮ 45,000 ገደማ ነው። የዩኒቨርሲቲው ሌን ስታዲየም ግን ብቻውን ከ65,000 ሰው በላይ ይይዛል። በፉትቦል ጨዋታና በምረቃ ሰሞን ሆቴል ስትፈልጉ ይህን ቁጥር አስታውሱ። ክፍል ቢገኝ እንኳ ዋጋው ከወትሮው በብዙ እጥፍ ጨምሮ ነው፣ ያውም ብዙ ሌሊት ካልያዛችሁ አይሰጧችሁም። እኛ ዘጠኝ ነበርን። እናቴ ከአዲስ አበባ ለምረቃው መጥታለች፤ ጉልበቷን ያማታል፣ ሌሊት ሁለት ሦስት ጊዜ ትነሳለች። ድንኳን የማይታሰብ ነው። አርቪ ውስጥ ግን አልጋዋና መጸዳጃዋ በሦስት እርምጃ ልዩነት ላይ ናቸው።

መጀመሪያ ስለ ማረፊያው። ክሌይተር ሌክ ደብሊን በምትባል ከተማ አጠገብ ነው፤ ከሀይዌይ 81 በኤግዚት 101 ትወጣላችሁ። እስከ ብላክስበርግ በመኪና ግማሽ ሰዓት ወይም ትንሽ በለጥ ያለ መንገድ ነው። ሐይቁ ሰው ሠራሽ ነው፤ በ1930ዎቹ መጨረሻ ኒው ሪቨር ተገድቦ የተፈጠረ፣ 21 ማይል ያህል የሚረዝም። በ2024 ሴፕቴምበር ሀሪኬን ሄሊን ወንዙን ሲያጥለቀልቀው ሐይቁ ላይ እጅግ ብዙ ግንድና ፍርስራሽ ተከምሮ ነበር፤ ለማጽዳት ወራት ፈጅቷል። ስለዚህ ልጆች ዋና ወይም ጀልባ ካሰቡ ከመሄዳችሁ በፊት ፓርኩ ደውላችሁ ምን ክፍት እንደሆነ ጠይቁ።

ክሌይተር ሌክን የምመርጥበት ዋናው ምክንያት ጸጥታው ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ድምፅ ማሰማት አይፈቀድም፣ ሰዉም ያከብረዋል። ጠዋት በር ስትከፍቱ የምታዩት ዛፍ ነው። እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ ዳዊቷን ይዛ ወደ ውጭ ስትወጣ ከወፎች በቀር የሚሰማ አልነበረም። ሻወርና መጸዳጃ ያለው የጋራ ቤትም አለ። ይህን ቀላል አድርጋችሁ አትዩት፤ የብዙ አርቪ ውኃ ማሞቂያ የሚይዘው ስድስት ጋሎን ብቻ ስለሆነ ሁለት ሰው ከታጠበ ሦስተኛው በቀዝቃዛ ነው።

ልታውቁት የሚገባ ሕግ አለ፤ በቨርጂኒያ ስቴት ፓርኮች አንድ ቦታ ላይ ማደር የሚችለው ቢበዛ ስድስት ሰው ወይም አንድ ቤተሰብ ነው። የእኛ ሰው ደግሞ ለምረቃ በቁጥር አይመጣም። እኛ ጎን ለጎን ሁለት ቦታ ይዘን አንዱ ላይ አርቪውን፣ ሌላው ላይ ለወጣቶቹ ድንኳን አደረግን። ሁለት ቦታ ተደምሮ እንኳ ከአንድ የምረቃ ሰሞን ሆቴል ክፍል በብዙ ቅናሽ ነበር።

ሁለተኛው አማራጭ ሴለም አጠገብ ያለው ዲክሲ ካቨርንስ ነው፤ ዋሻ የሚጎበኝበትና አርቪ የሚያቆሙበት ቦታ፣ ኤግዚት 132። እስከ ብላክስበርግ ያለው ርቀት ከክሌይተር ሌክ ብዙም አይለይም። ጥቅሙ አርቪውን ራሳችሁ የምትነዱ ከሆነ ነው፤ ከዚያ ወደ ደቡብ ስትሄዱ ከኤግዚት 128 በኋላ የክሪስቲያንስበርግ ዳገት ይጀምራል። ዲክሲ ካቨርንስ ካረፋችሁ ያን ዳገት የምትወጡት በትንሽ መኪና ብቻ ነው። ጉዳቱ ለአውራ ጎዳናው ቅርብ መሆኑ ነው። 81 ላይ የከባድ መኪና ጎርፍ ሌሊትም አይቆምም፤ እንቅልፏ ቀላል የሆነ እናት ይዛችሁ ከሆነ አልመክርም። በሦስተኛ ደረጃ ጄፈርሰን ብሔራዊ ደን ውስጥ ጃይልስ ካውንቲ ያለው ዋይት ሮክስ ይነሳል። ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፣ የኤሌክትሪክ መስመር ግን የለውም። ለወጣቶች ይሆናል፣ ለምረቃ ልብስ መተኮስ ለሚፈልግ ቤተሰብ አይሆንም።

አሁን ስለ ኪራዩ። በኦክቶበሩ ጉዞ ከዲሲ አካባቢ 25 ጫማ የሆነውን፣ ክላስ ሲ የሚባለውን ተከራየን። ከሹፌሩ በላይ አልጋ ያለው ዓይነት ነው። ለመንዳት የተለመደው መንጃ ፈቃድ ይበቃል። ግን ከፍታው ወደ 12 ጫማ ስለሚጠጋ ከመኪና ሳይወርዱ ምግብ የሚገዙበትን መስኮትና የፓርኪንግ ሕንፃ እርሱት። ቤንዚኑን ደግሞ አስሉት፤ ደርሶ መልስ 550 ማይል ገደማ ነው፣ እንዲህ ያለው አርቪ በአንድ ጋሎን ዘጠኝ ማይል ያህል ይሄዳል፣ 60 ጋሎን ማለት ነው። ለመቅዳት ራፊን ላይ፣ ኤግዚት 205፣ ያለው ትልቁ የከባድ መኪና ማደያ ሰፊ ስለሆነ እዚያ ቁሙ። ጠባብ ማደያ ገብቶ ወደኋላ መውጣት ለአዲስ ሹፌር ከባድ ነው። ባለቤቴ ዳገቱን ሲወጣ በቀኝ መስመር ከከባድ መኪኖች ጋር ተሰልፎ ነው፤ መሪውን የጨበጠበት እጁ ፋታ አልነበረውም። ነፋስ ሲመታውና ትልቅ ትራክ ሲያልፈው ቤቱ በሙሉ ይወዛወዛል።

የሚያከራዩትን በሁለት ክፈሏቸው። ክሩዝ አሜሪካን የመሰለ ድርጅት አንድ ዓይነት መኪናዎች አሉት፤ ምን እንደምትረከቡ ታውቃላችሁ፣ መንገድ ላይ ቢበላሽም የምትደውሉበት ቦታ አለ። ነገር ግን ማይሉ፣ የጄኔሬተሩ ሰዓት፣ ድስትና አንሶላው ለየብቻ ስለሚታሰብ መጀመሪያ የምታዩት ዋጋ የመጨረሻው አይደለም። አውትዶርሲና አርቪሼር ደግሞ የግለሰብ ባለቤቶችን ከተከራይ ጋር ያገናኛሉ። እዚያ ምርጫው ሰፊ ነው፣ ጥራቱ ግን እንደ ባለቤቱ ነው። አስተያየቱን አንብቡ፤ በተለይ ስለ መጸዳጃው፣ ስለ ፍሪጁና ስለ ጎማው የተጻፈውን። የሁለቱ ትልቁ ጥቅም ብዙ ባለቤቶች ካረፋችሁበት ቦታ ድረስ አምጥተው፣ መብራትና ውኃውን ቀጥለው፣ ደልድለው የሚሰጡ መሆናቸው ነው። ስትፈልጉ አድራሻውን ክሪስቲያንስበርግ ወይም ሮአኖክ ብላችሁ አስገቡና ማድረስ የሚለውን ምረጡ። ለማድረሻው ከፍለንም ቢሆን ቤንዚን፣ ማይልና የባለቤቴ ጭንቀት ቀርቶልናል። መመለሻው ቀንም ቆሻሻውን ውኃ የማፍሰሱን ሥራ የአርቪው ባለቤት በክፍያ ወሰደልን። በየትኛውም መንገድ ብትከራዩ የመኪና ኢንሹራንሳችሁ አርቪን ይሸፍን እንደሆነ ደውላችሁ ሳትጠይቁ አትፈርሙ፤ ብዙው አይሸፍንም።

ራሳችሁ ከነዳችሁ ግን አንድ ትንሽ መኪና ከኋላ ይከተላችሁ። አርቪው አንዴ ከቆመ በኋላ ወደ ካምፓስ ይዞ መግባት አይታሰብም፤ በምረቃ ቀን ለትንሽ መኪናም ቦታ ጭንቅ ነው።

በኦክቶበር የደረሰብንን ልንገራችሁ፣ እናንተ ላይ እንዳይደርስ። የአርቪ ፍሪጅ ብዙ ጊዜ በጋዝም በኤሌክትሪክም የሚሠራ ዓይነት ነው። መኪናው ካዘመመ በደንብ አያቀዘቅዝም። እኛ ይህን አናውቅም ነበርና ፊቱ ወደ ታች ባዘነበለ መሬት ላይ አቆምነው። ጠዋት ፍሪጁን ስከፍት በረዶ ሆኖ የመጣው ቁሌት ቀልጦ ከረጢቱ ለብ ብሏል። መጣል ነበረብን። ለአከራዩ ስንደውል ከፊት ጎማዎች ሥር የሚገባ የፕላስቲክ መደላድል እንዳለ ነገረን፤ ካደረግነው በኋላ በማግስቱ ቀዘቀዘ። እንደቆማችሁ በብርጭቆ ውኃ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡና ወዴት እንደሚያዘም እዩ። ሌላው ጄኔሬተሩ ነው፤ ቤንዚኑን የሚወስደው ከመኪናው ታንከር ሲሆን ሩብ ሲቀር ራሱ ይቆማል። ተበላሽቶ አይደለም፣ መንገድ ላይ እንዳትቀሩ ተብሎ እንዲሁ የተሠራ ነው።

ስለ ምግብ። እንጀራውን ከቤት ይዛችሁ ሂዱ፤ ብላክስበርግ ላይ አትቁጠሩ። ለሽንኩርት፣ ለሥጋና ለውኃ ክሪስቲያንስበርግ ዎልማርት አለ። ቅመማ ቅመምና ምስር ካነሳችሁ ብላክስበርግ ውስጥ ኦዌሲስ ወርልድ ማርኬት ግቡ። ዶሮ ወጥ አርቪ ውስጥ እንዳትሠሩ። የሽንኩርቱ ሽታ መጋረጃውና ፍራሹ ውስጥ ገብቶ አይወጣም፣ የጽዳት ክፍያም ያስጠይቃል። እኔ ወጡን ቤት ሠርቼ በከረጢት አደረግሁና በረዶ አስደረግሁት፤ በማቀዝቀዣ ሣጥን ውስጥ የበረዶውንም ሥራ ይሠራል። ምረቃው በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ስለዋለ ረቡዕና አርብ ጾም አልነበረም፣ ዝግጅቱ በዚያ ቀለለልኝ። ምረቃው ከፋሲካ በፊት ቢሆን ኖሮ ከሽሮና ከምስሩ ውጭ አላስብም ነበር።

ትኩስ እንጀራ ለምትፈልጉ፣ ብዙዎቻችን ቤት ያለው ሄሪቴጅ ግሪል፣ ያ የኖርዌዮች የቂጣ መጋገሪያ የሆነው 16 ኢንች ምጣድ፣ ካምፕ ላይም ይሠራል። ግን አርቪው የሚሰካበት 30 አምፕ የመብራት መስመር የሚሸከመው 3,600 ዋት ነው። ምጣዱ 1,400 ያህል ይወስዳል፤ ኤሲውና የውኃ ማሞቂያው አብረው ካሉ ብሬከሩ ይጥላል። ሁለቱን አጥፉ፣ ወይም ምጣዱን ውጭ ጠረጴዛ ላይ አውጡና ከአርቪው ሳይሆን ለቦታው መብራት የሚሰጠው ምሰሶ ላይ ካለው ተራ ሶኬት ሰኩት።

ቡና ደግሞ ውጭ ብቻ ይቆላ። በምረቃው ዕለት እናቴ ከሁሉ ቀድማ ተነስታ ቡናውን የአርቪው ምድጃ ላይ ጣደችው። ፍሬው ገና መፈንዳት ሲጀምር የጭስ ማንቂያው ጮኸ፤ ሁላችንም ከአልጋ ወረድን። እሷ መቁያውን እንደያዘች «ምነው ልጄ፣ ቡና ሲሸተው የሚጮህ ቤት ምን ዓይነት ነው?» አለችኝ። «እማዬ፣ ነይ ውጭ እናድርገው፣ ረከቦቱን እኔ አወጣዋለሁ» አልኳት። ባለ አንድ እሳት የካምፕ ምድጃ ይዘን ስለነበር የእንጨቱ ጠረጴዛ ላይ ጨረሰችው። ያን ምድጃ ሳትይዙ እንዳትሄዱ። ከነፋስ የሚከልል ቆርቆሮ ያለውን ምረጡ፤ አለዚያ ጀበናው በአንድ በኩል ብቻ ይፈላል።

የልብስ ነገር፦ ብላክስበርግ ከባሕር ወለል በላይ ከ600 ሜትር በላይ ናት፤ በሜይ ቀኑ ቢሞቅም ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪ ይወርዳል። ጋቢ ያዙ። የማገዶ እንጨት ከቤት አትጫኑ፤ ዛፍ የሚገድሉ ነፍሳት በእንጨቱ ይዛመታሉ፣ እዚያው ግዙ። ልጆች ከሣር ሲመለሱ ከጉልበታቸው ጀርባና ከጸጉራቸው ሥር መዥገር ፈትሹ፤ በአካባቢው ላይም የሚባለው በሽታ አለ።

ከምረቃው ማግስት ጊዜ ካላችሁ ፔምብሮክ ያለውን ካስኬድስ ፏፏቴ እዩ። 20 ሜትር ያህል ከፍታ አለው፣ ደርሶ መልሱ አራት ማይል በእግር ነው። ልጄ ከጓደኞቿ ጋር እየሄደች አራት ዓመት ፎቶ ስትልክልን የነበረው እሱ ነው። እናቴ መሄድ ስለማትችል እኔ ከእሷ ጋር ሐይቁ ዳር ቀረሁ፤ በወንበር ተቀምጦ ውኃ ለማየት ክሌይተር ሌክ ይበቃል።

ክሌይተር ሌክ ቦታ መያዝ የሚከፈተው ከመግቢያው ቀን 11 ወር ቀደም ብሎ ነው። ለሜይ አጋማሽ ምረቃ ጁን አጋማሽ ማለት ነው፤ ልጃችሁ የመጨረሻውን ዓመት ገና ሳትጀምር። እኔ ስልኬ ላይ ማስታወሻ አድርጌ በዚያው ዕለት ጠዋት ነው ሁለቱን ቦታ ጎን ለጎን ያገኘሁት። ካለፈባችሁም ተስፋ አትቁረጡ፤ ምረቃው ሲቃረብ የሚሰርዝ ሰው አለና ጠዋት ጠዋት እየገባችሁ እዩ።