የፀሐይ ማዕበል ሲነሣ ስልክ ማጥፋት ያስፈልጋልን?

ጠያቂ (የፒያሳ ልጅ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት በቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ «ከባድ የፀሐይ ማዕበል ስለሚመጣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በፊት ስልካችሁን አጥፉ፣ አለዚያ ይቃጠላል» የሚል የድምፅ መልእክት ደረሰን፤ እናቴም የቤቱን ስልክ ሁሉ ሰብስባ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት። እኔ የምተዳደረው በታክሲ መተግበሪያ በመሆኑ ዘግቼ ማደር አልችልም። ደግሞም ሰሞኑን አምባሳደር አካባቢ ቆሜ ሳለ ካርታው ለገሃር ያሳየኛል። ይህ ከማዕበሉ ጋር ይያያዝ ይሆን?

የሬዲዮ ወዳጅ፦ ወንድሜ፣ ስልክህ አይቃጠልም፤ እናታችንን አረጋጋልን። የፀሐይ ማዕበል ማለት ከፀሐይ የተፈነጠቀ ቁስ ደርሶ የምድርን መግነጢሳዊ መስክ ሲያናውጥ ነው፤ መስኩ ሲናወጥ ኤሌክትሪክ የሚፈጠረው በብዙ ኪሎ ሜትር በተዘረጋ ሽቦ ውስጥ እንጂ መዳፍ በሚያክል ዕቃ ውስጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1859 በተነሣው ታላቅ ማዕበል አሜሪካ ውስጥ የቦስተንና የፖርትላንድ ቴሌግራፈኞች ባትሪያቸውን ነቅለው፣ ማዕበሉ በሽቦው ላይ በፈጠረው ኤሌክትሪክ ብቻ ተላልከዋል። እ.ኤ.አ. በ1989 ደግሞ በካናዳ የኬቤክ ግዛት 6 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ለ9 ሰዓት ገደማ መብራት አጥቷል። «ከስድስት ሰዓት በፊት» የሚለውም አያሳምንም፤ ከፀሐይ የሚፈነጠቀው ቁስ እዚህ ለመድረስ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ቀን ስለሚፈጅበት ሰዓቱን ቆርጦ መናገር አስቸጋሪ ነው።

ከአራት ኪሎ፦ በተሰጠው መልስ እስማማለሁ፤ የካርታው ጉዳይ ግን ለብቻው መታየት አለበት። አዲስ አበባ የምትገኘው ከመግነጢሳዊው የምድር ወገብ (የምድር መግነጢሳዊ መስክ ከመሬት ጋር አግድም ከሚሆንበት መስመር) አጠገብ ነው፤ እዚሁ አራት ኪሎ ከዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት (እ.ኤ.አ. 1957–1958) ጋር ተያይዞ የተቋቋመው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የምድርን መግነጢስ ሲለካ የኖረውም በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። በእኛ ሰማይ ላይ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አዮኖስፌር በሚባለው የከባቢ አየር ክፍል ውስጥ እንደ አረፋ ያሉ ስስ ቦታዎች እየተፈጠሩ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ስልክህ ያለህበትን ቦታ የሚያውቅበት የሳተላይት (የጂፒኤስ) ምልክትም በእነርሱ መካከል ሲያልፍ ይርገበገባል። ይህ ያለ ማዕበልም ይከሠታል፤ ማዕበል አንዳንዴ ያባብሰዋል፣ አንዳንዴም (ነገሩ ያስገርማል) ጭራሹን ያስቀረዋል። ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ ስሕተቱ የሚታየው ከምሽቱ በኋላ ነው ወይስ ቀንም?

ጠያቂ፦ ቀንም ነው፤ ሁልጊዜም እዚያው ፎቆቹ ሥር ስቆም ብቻ።

ከአራት ኪሎ፦ እንግዲያው ፀሐይን አትክሰስ። ምልክቱ ከፎቆቹ ግድግዳ እየተንጸባረቀ ስለሚደርስህ ነው፤ ወደ ሜዳው ወጣ ብለህ ተሳፋሪህን ጠብቅ።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። አሁን የቀረኝ የቁም ሣጥኑን ቁልፍ ማስመለስ ነው።