ማንጎና ሙዝ አድርቆ ለክረምት ስለ ማቆየት

ጥያቄ፦ የሳቢያኗ (ድሬዳዋ)

ጤና ይስጥልኝ። የማንጎ ወቅት ሲደርስ ቀፊራ ገበያ ፍሬው እንደ ልብ ይገኛል፣ ዋጋውም ይረክሳል። ክረምቱ ገብቶ የፍልሰታ ጾም ሲደርስ ግን ለልጆቼ የማቀርበው ፍራፍሬ ያጥረኛል። ስለዚህ ዘንድሮ ማንጎና ሙዝ አድርቄ እስከ ነሐሴ ላቆይ አስቤአለሁ። የድሬ ፀሐይ ለዚህ ሥራ እንደማያንስ አውቃለሁ፤ ግራ የገባኝ ሌላው ነው። ፍሬው ፀሐይ ላይ ይሰጣ ወይስ ጥላ ሥር? ስኳር ያስፈልገዋል? ሙዙ እንዳይጠቁርስ ምን ይደረግለታል? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ደርቋል ተብሎ የተቀመጠ ፍሬ ክረምት ላይ ሻጋታ ያወጣል ሲባል ስለምሰማ፣ በቂ መድረቁ በምን እንደሚለይና እንዴት እንደሚቀመጥ የምታውቁ ብታስረዱኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ፦ የከዚራው

እህቴ፣ ያሰብሽው መልካም ነው። ፍራፍሬን በፀሐይ ለማድረቅ የአየሩ ሙቀት ቢያንስ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ እርጥበቱም ከ60 በመቶ በታች ቢሆን ይመረጣል፤ ዝናብ በሌለባቸው የድሬ ቀናት ይህ አይቸግርም። ማንጎው የበሰለ ነገር ግን ሲጫኑት የማይፈርስ ይሁን፤ ከ5 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት እንዲኖረው አድርገሽ እኩል እኩል ቁረጪው፣ ምክንያቱም ወፍራምና ቀጭን ከተቀላቀለ ቀጭኑ ሲደርቅ ወፍራሙ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይቀራል። ሙዝ የሚጠቁረው የተቆረጠው ገጹ አየር ሲያገኘው ስለሆነ፣ የሎሚ ጭማቂና ውኃ እኩል ቀላቅለሽ ለ10 ደቂቃ ያህል ንከሪውና አጠንፍፊው። ስኳር ግዴታ አይደለም፤ የደረሰ ማንጎ ሲደርቅ የራሱ ጣፋጭነት ይበቃዋል።

ፍሬውን መሬት ላይ ወይም ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አታስጪው። አየር ከሥሩም እንዲያልፍ ከፍ ባለ የእንጨት ፍሬም ላይ በተወጠረ ንጹሕ ጨርቅ ላይ፣ ሳይደራረብ ዘርግተሽ በስስ ሻሽ ሸፍኚው፣ በቀን አንድ ሁለቴም አገላብጪው። የፍሬሙን እግሮች ውኃ በያዙ ጣሳዎች ውስጥ ብታቆሚያቸው ጉንዳን አይወጣበትም። አደራ የምልሽ አንድ ነገር አለ፦ ለወባ መከላከያ የሚታደለው አጎበር በፀረ ተባይ መድኃኒት የተነከረ ስለሆነ፣ ዝንብ ይከላከልልኛል ብለሽ ፈጽሞ ለምግብ መሸፈኛ እንዳታደርጊው።

መልስ፦ ከሐረር

የከዚራው ወንድሜ ያሉት ለድሬ ትክክል ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ሐረር ግን ወደ 1,900 ሜትር ስለምትጠጋ፣ እኛ ዘንድ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ቀን የደረቀውም ማታ ውጭ ካደረ ጤዛ ጠጥቶ ያድራል። ሐረር ያላችሁ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ቤት አስገቡት፣ ቁራጩንም አሳንሱት። በበልግ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ከከበደ ደግሞ ዝቅተኛ ሙቀት ባለው ኦቨን፣ ቢቻል በ60 ዲግሪ፣ ማስጨረስ ፍሬው ከመሻገቱ ያድነዋል።

በፀሐይና በጥላው ነገር ግን ትንሽ እለያለሁ። የመጀመሪያውን ቀን ውኃው ቶሎ እንዲወጣ ፀሐይ ላይ ይዋል፤ ከዚያ በኋላ ግን ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ቢጨርስ ቀለሙ ደማቅ እንደሆነ ይቆያል፣ ብርሃን የሚያጠፋው ቫይታሚንም በመጠኑ ይተርፋል።

መልስ፦ የምግብ ዝግጅት መምህርት

የሻጋታውን ጥያቄ እኔ ልመልስ፣ ብዙ ድካም መና የሚቀረው እዚያ ላይ ነውና። አንድ ቁራጭ አንሥተው ካቀዘቀዙት በኋላ ለሁለት ይቅደዱት፤ የተቀደደውን ጠርዝ ሲጫኑት ጠብታ ካልወጣው፣ አጥፈው ሲለቁትም እርስ በርሱ ካልተጣበቀ ደርቋል ማለት ነው። አንድ ኪሎ የተላጠና ፍሬው የወጣለት ማንጎ በደንብ ሲደርቅ 200 ግራም አካባቢ ይሆናል፤ ሚዛን ካለዎት ይህም ይረዳዎታል።

ሆኖም ሁሉም ቁራጭ እኩል አይደርቅምና ወዲያው ጠቅጥቀው አይክደኑት። በሚታይ የብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ሞልተው ይክደኑትና ከ7 እስከ 10 ቀን በየቀኑ ይነቅንቁት፤ የቀረው እርጥበት በዚህ ጊዜ ከቁራጭ ወደ ቁራጭ ይከፋፈላል። የዕቃው ግድግዳ ላይ ላብ ከታየ ፍሬው ወደ ፀሐይ ይመለስ። ውጭ የተሰጣ ነገር የነፍሳት እንቁላል አያጣውምና፣ ከዚያ በኋላ በዲፕ ፍሪዝ ከዜሮ በታች በ18 ዲግሪ ለ48 ሰዓት ያቆዩት።

ክረምት ላይ ዕቃው በተከፈተ ቁጥር እርጥብ አየር ስለሚገባ፣ በአንድ ትልቅ ዕቃ ከማጠራቀም የአንድ ሳምንት ያህል ብቻ በሚይዙ ትንንሽ ዕቃዎች መከፋፈሉ ይሻላል። ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ላይ ይቀመጡ፤ በ27 ዲግሪ ገደማ ስድስት ወር ያህል ይቆያል። አንድ ቁራጭ ላይ እንኳ ሻጋታ ቢያዩ፣ እሱን ለቅመው ሌላውን ለልጆች እንዳይሰጡ፤ በዚያ ዕቃ ያለው ሁሉ ይደፋ።

የሳቢያኗ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ የደረቀውን ማንጎ ለጭማቂ ማዋል ይቻላል?

የምግብ ዝግጅት መምህርት

ይቻላል። ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ አንድ ሁለት ሰዓት ዘፍዝፈው ከነውኃው ይፍጩት። ከዚያ በላይ የሚዘፈዘፍ ከሆነ ፍሪጅ ውስጥ ይሁን፤ ውኃ የጠጣ ፍሬ እንደ ትኩስ ፍሬ ቶሎ ይበላሻልና።