ናፍጣ ወይስ ቤንዚን ካርጎ ቫን? የያዝኩት «10 ጊዜ ብቻ ይነሳል» እያለኝ ነው

የስፕሪንግፊልድ ሹፌር (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ የምታውቁ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ካርላይል፣ ፔንስልቬንያ ትራክ ስቶፕ ቆሜአለሁ። ዳሽቦርዱ ላይ ከ10 ጊዜ በላይ አይነሳም የሚል መልእክት መጣ፣ ቼክ ኢንጂኑም በርቷል። ዴፍ (የናፍጣ ጭስ ለማጣራት የሚጨመረውን ፈሳሽ) ሞላሁበት፣ አልጠፋም። ሎዱ (ጭነቱ) ማታ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ መግባት አለበት፤ ሥራ የምትመድብልኝ ዲስፓቸር ስልኬን አላሳርፍ ብላለች። ናፍጣ አንገሽግሾኛል። ማናሳስ፣ ቨርጂንያ አንድ ሰው ቤንዚን ቫን እየሸጠ ነው፣ እስከ ነገ እጠብቅሃለሁ ብሎኛል። ይቺን ላሠራ ወይስ ልለውጥ? ለዴሊቨሪ የቱ ይሻላል?

የሲልቨር ስፕሪንግ ልጅ፦
ወንድሜ፣ በየቦታው ሞተር አታጥፋ! የሚቆጠርብህ ማስነሳቱ ነው። ነዳጅ ስትሞላ ብቻ አጥፋ፣ ሽንት ቤቱንም ምግቡንም እዚያው ጨርስ። ከካርላይል ኮሎምበስ አምስት ሰዓት ተኩል ቢፈጅብህ ነው፣ ሙሉ ታንክ ያደርስሃል። መጀመሪያ የሰው ዕቃ ይድረስ፣ መሸጥ መለወጡን ማታ እናወራለን።

ጋሼ መካኒክ (ሚኒያፖሊስ)፦
ልጆች፣ ናፍጣን ከመስደባችሁ በፊት ስሙኝ። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም፤ አየሩን ጨምቆ በሙቀቱ ነው የሚያቀጣጥለው። ለዚህ ሲባል ብረቱ ወፍራም ነው፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። አገር ቤት ኢሱዙ ስንነዳ ሞተር ወርዶ ተሠርቶ እንደገና ይሄድ ነበር። እዚህ አገር የተለወጠው ከሞተሩ በኋላ ያለው ነገር ነው። በፈረንጆች 2007 ሥራ ላይ የዋለው የጭስ ደንብ የጥላሸት ማጣሪያውን አመጣ፣ የ2010ሩ ደግሞ ዴፉን። ዴፍ 32.5 በመቶ ዩሪያ ነው፣ የቀረው የተጣራ ውሃ፤ በ11 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይረጋል። ማጣሪያው የያዘውን ጥላሸት የሚያቃጥለው ጭሱ በጣም ሲግል ነው፣ ለዚያ ደግሞ ረጅም መንገድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ልጄ፣ ያስቸገረህ ሞተሩ አይደለም፣ የጭስ ማውጫው ነው።

ሎርተን 95፦
ዴፍ ሙላበት። የእኔም እንደዚህ ብሎኝ ሞልቼበት ጠፋ።

የስፕሪንግፊልድ ሹፌር፦
ሞልቻለሁ ብያለሁ እኮ ወንድሜ።

ሎርተን 95፦
ሙሉ ጋሎኑን ነው? ትንሽ ከሆነ ሴንሰሩ አያነበውም። ጨምርበት።

ከአዲስ አበባ፦
እኛ ጋ ጥያቄው የትኛው ማደያ ወረፋው ያጥራል የሚለው ነው 😂 በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄድ አውቶሞቢል ማስገባት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ተከልክሏል፤ እናንተ አሁንም ታማርጣላችሁ። እግዜር ያውጣህ ወንድሜ።

ዳላስ ኤክስፕረስ፦
ኮምፒውተሩን አስነካው። ዴፉንም ማጣሪያውንም የሚያጠፋልህ ልጅ አለ፣ ዳግመኛ አታይም።

እህት ከኮሎምበስ፦
ዳላስ፣ እንዲህ ያለ ምክር ለሰው አይሰጥም። እሱን ማስነቀል በፌዴራሉ የንጹሕ አየር ሕግ ክልክል ነው፣ ቅጣቱም ቀላል አይደለም። ያንን ቫን በኋላ ማን ይገዛዋል?
ወንድሜ፣ እኔና ባለቤቴ ሁለቱንም ዓይነት እናሠራለን። የብልሽቱን ኮድ ሳታስነብብ አንድም ዕቃ እንዳትገዛ። ትራክ ስቶፑ ውስጥ ኮድ የሚያነብ ትንሽ ስካነር አታጣም። ስታነብበው ኮዱን ላክልን። ዓመቱን፣ ማይሉን፣ ብዙ ጊዜ የት እንደምትነዳም ንገረን። ይህን ሳናውቅ ናፍጣ ወይም ቤንዚን ብንልህ ግምት ነው።

የስፕሪንግፊልድ ሹፌር፦
እግዜር ይስጥልኝ እህቴ። 2017 ነው፣ 190 ሺህ ማይል ሄዷል። ኮዱ ፒ20ኢኢ ይላል። የዛሬው ሎድ ሲገኝ ነው እንጂ የዘወትር ሥራዬ ዲሲ ውስጥ ጥቅል ማድረስ ነው። ቆም፣ ሄድ፣ ቆም። ብርድ ሲሆን ሞተሩን ሳላጠፋ ነው የምወርደው።

ሎርተን 95፦
ኖክስ ሴንሰር ነው፣ ጭሱ ውስጥ ያለውን መርዝ የሚለካው። ቀይረው።

እህት ከኮሎምበስ፦
ሎርተን፣ ያ ኮድ ሴንሰር ተበላሽቷል አይልም። ዴፉ ጭሱን በሚገባ እያጣራ አይደለም ነው የሚለው። ምክንያቱ ብዙ ነው፦ ያረጀ ወይም ውሃ የገባበት ዴፍ፣ የተዘጋ የዴፍ ኢንጄክተር (ዴፉን ጭሱ ላይ የሚረጨው)፣ የሚዋሽ ሴንሰር፣ ወይም ጭሱን የሚያጣራው ካታሊቲክ ራሱ። ርካሹን አስቀድሙ። ዴፉን በሪፍራክቶሜትር (ዩሪያው ስንት በመቶ እንደሆነ በሚያሳይ መሣሪያ) ይለኩት፣ 32.5 አካባቢ ካልሆነ ይቀየር። ቀጥሎ ኢንጄክተሩን ያውጡት። ጫፉ ላይ እንደ ጨው የጋገረ ነጭ ነገር ካዩ በሙቅ ውሃ ይለቅቃል። ሴንሰር የሚቀየረው ከዚያ በኋላ ነው። አሁን ግን ንዳ፣ ሎዱን አድርስ።

የቤልትዌይ ሰው፦
እኔ በጥያቄው አልስማማም። «ለዴሊቨሪ የቱ ይሻላል» የሚባል ነገር የለም፣ ሥራው ነው የሚወስነው። ለምሳሌ ያህል እናስላው። በዓመት 30 ሺህ ማይል የከተማ ሥራ፤ ናፍጣው በጋሎን 18 ማይል፣ ቤንዚኑ 14 ይሂድ። ናፍጣ 4 ዶላር፣ ቤንዚን 3 ዶላር ከ20 ሳንቲም ብንይዝ፣ የናፍጣው 6,667 ዶላር፣ የቤንዚኑ 6,857 ዶላር ይመጣል። በዓመት 190 ዶላር ነው ልዩነቱ! እሱንም ዴፉና ውዱ የዘይት ቅያሪ ይበሉታል። አንድ ቀን ጋራዥ ከቆምክ ደግሞ የዚያ ቀን ገቢም ሄደ። ናፍጣ የሚያዋጣው ቀኑን ሙሉ ሃይዌይ ላይ ለሚውል ሰው ነው። ቆም ሄድ እያልክ፣ ሞተር ሳታጥፋ እየወረድክ ማጣሪያው ጥላሸቱን መቼ ያቃጥል? ለአንተ ሥራ ቤንዚን ነው። የፎርድ ትራንዚትም ሆነ የራም ፕሮማስተር ቫን ቪ6 የቤንዚን ሞተር አላቸው፣ የትኛውም ጋራዥ ይሠራቸዋል።

ጋሼ መካኒክ፦
የቤልትዌዩ ልክ ብሏል፣ ግን አንድ ነገር ልጨምር። መብራት እንደበራ አትሽጣት፣ በግማሽ ዋጋ ይወስዱብሃል። አሠርተህ፣ ደረሰኙን ይዘህ ሽጥ። የማናሳሱንም ቫን በጥድፊያ አትግዛ። ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ድረስ፣ በቀዝቃዛው ራስህ አስነሳው። አንዳንዱ ዳሽቦርድ ቆሞ የሠራበትን ሰዓትም ያሳያል። ማይሉ ትንሽ ሆኖ ሰዓቱ ብዙ ከሆነ፣ ያ ቫን ቆሞ አርጅቷል። ቤንዚን ስለሆነ ብቻ ጤነኛ አይደለም።

ሎርተን 95፦
የሆነ ሆኖ ዴፉን ጨምርበት።

ሂውስተን ሎድ፦
ወንድሜ፣ ኮሎምበስ ስትደርስ አሳውቀን። ለመሸጥ ከቆረጥክ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፤ እኔ ሥራዬ ከሂውስተን ኤል ፓሶ ሃይዌይ ነው፣ ናፍጣ ነው የምፈልገው። ኢንጄክተሩ ሲወጣ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፣ ዋጋ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን። ጣሪያው ከፍ ያለው ነው ዝቅ ያለው?