የጀልባው ፕሮፖዛል፣ ተራ ቁጥር 4፦ «አፍንጫ ገፊው» ይግባ ወይስ ይውጣ?

ፀሐፊዋ (ደሴ)፦
ሰላም ናችሁ? እሑድ ፒያሳ ቡና ላይ የተጯጯህንበት ነገር ተንጠልጥሎ እንዳይቀር ብዬ እዚህ አምጥቼዋለሁ። ማኅበራችን ከሚያቀርበው የድጋፍ ጥያቄ ውስጥ ከ1 እስከ 3 ያሉት ነጥቦች አልቀዋል። ሐይቅ (ደሴ አጠገብ ያለው ሐይቃችን) ላይ ያለው የጀልባ ማረፊያው እንጨት ይቀየራል፣ የሕይወት አድን ጃኬት ይገዛል፣ ትኬት በደረሰኝ ይሆናል። የቀረን 4ኛው ነው። እንዲህ ይላል፦ «ማኅበሩ ባው ትረስተር የተገጠመለት፣ 9 ሜትር ርዝመት ያለው፣ ያገለገለ የመንገደኛ ጀልባ እንዲገዛ ድጋፍ ይጠየቅ።» እውነቱን ልናገር? ድምፅ ስንሰጥ ትረስተር ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። እጄን ያወጣሁት ሁሉም ሲያወጣ አይቼ ነው። የምታውቁ አስረዱን። ጽሑፉን እኔ አስተካክለዋለሁ።

የኮምቦልቻው መካኒክ፦
እኔ የማውቀው ወደብ የኛን ደረቅ ወደብ ብቻ ነው። እዚያ ኮንቴይነር እንጂ ጀልባ አይጠጋም። ለመሆኑ ነገርዬው ሞተር ነው ወይስ መሪ?

ከዱባይ የተመለሰው (ሆጤ)፦
ትንሽ ከሁለቱም አለው። ሰባት ዓመት የሰው ጀልባ ሳጥብና ገመድ ስይዝ ስለኖርኩ ይህን እኔ ልመልስ።

ከጀልባው አፍንጫ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ከውኃው በታች፣ ከግራ ጎን እስከ ቀኝ ጎን ቀጥ ብሎ የሚያልፍ ቱቦ አለ። ቱቦው ውስጥ ትንሽ ፕሮፔለር ተቀምጣለች። ከላይዋ፣ ጀልባው ውስጥ፣ በባትሪ የሚሠራ ሞተር አለ። ውኃውን ወደ ቀኝ ስትተፋ አፍንጫው ወደ ግራ ይሄዳል። በቃ ይኼው ነው። ጀልባውን ወደፊት አትነዳም።

ለምን ያስፈልጋል? መኪና ፍሬን ሲያዝ ባለበት ይቆማል። ጀልባ አይቆምም፣ ይንሸራተታል። በዚያ ላይ ወደ ማረፊያው ስትጠጋ ፍጥነት መቀነስህ ግድ ነው። ፍጥነት ቀንሰህ ማርሹን ዜሮ ስታደርገው ደግሞ መሪው መታዘዙን ያቆማል። ልክ በዚያች ሰዓት ነፋስ ከጎን ከመጣ መጀመሪያ የሚወስደው አፍንጫውን ነው፣ ቀላል ስለሆነ። ሐይቅ ላይ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ያየ ሰው ይገባዋል። ትረስተሩ የተሠራው ለእነዚያ ለመጨረሻዎቹ ጥቂት ሜትሮች ነው። ጀልባው ከሰው እርምጃ ከፈጠነ፣ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ካለፈ ማለት ነው፣ ቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት እየሞተ ይሄዳል። በፍጥነት እየመጣህ «ትረስተሩ ያድነኛል» ብትል አያድንህም።

ሒሳብ ያዡ (ደሴ)፦
ታዲያ ለጥቂት ሜትር ነው ይህን ሁሉ ብር የምንጠይቀው?

ከዱባይ የተመለሰው (ሆጤ)፦
ጀልባው አብሮት ነው የሚመጣው፣ ለብቻው አንገዛውም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እንደመጣ ሁሉም ሰው ሊጫወትበት ይፈልጋል። የኔን ጉድ ልንገራችሁ።

አንድ ቀን አለቃዬ መሪውን ለቀቀልኝ። ነፋስ ነበር። ደነገጥኩና የትረስተሩን ማንሻ ወደ ግራ ይዤ ቀረሁ። አልለቀቅኳትም። መጮኋን ስሰማ ልቤ ረጋ፣ እየሠራች ነው ብዬ። ከዚያ ድንገት ጭጭ። ሞተሩ ግሎ ራሱን አጠፋ። አፍንጫው ዞሮ ከጎን የቆመውን ጀልባ ሄዶ ገጨው። ጭረቱ የክንድ ያህል ነበር፣ ደመወዜም አብሮ ተጫረ። ይህ ሞተር በተከታታይ የሚሠራው ለሁለት ሦስት ደቂቃ ነው፣ ከዚያ መቀዝቀዝ አለበት። ትክክለኛው አነካክ ጫን፣ ለቀቅ፣ ጠብቅ፣ አፍንጫው ምን እንዳደረገ እይ፣ ከፈለገ ድገም። አንዱ ጫና ከሁለት ሦስት ሰከንድ አይለፍ። ከግራ ወደ ቀኝ ስትቀይርም መሀል ላይ ትንፋሽ ስጣት። አለበለዚያ የማርሿን ጥርስ ትሰብራለህ።

የኮምቦልቻው መካኒክ፦
ቆይ፣ ይህማ የመኪና ሞተሪኖ (የማስነሻ ሞተር) ዘመድ ነው! ሞተሪኖም ቁልፉን ይዘህ ከቀረህ ይቃጠላል። ካርቦን፣ ማለትም ለሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው ቁራጭ፣ አለው ማለት ነው? ቮልቱስ ስንት ነው?

ከዱባይ የተመለሰው (ሆጤ)፦
የኛው 12 ቮልት፣ 3 ኪሎ ዋት ነው። ካርቦን አለው።

የኮምቦልቻው መካኒክ፦
እንግዲያው አብሽሩ። 3,000ን ለ12 አካፍሉት፣ 250 አምፔር ነው። ሥራ ላይ ከዚያም ያልፋል። ችግራችሁ ትረስተሩ ጋ ሳይሆን ባትሪውና ኬብሉ ጋ ነው የሚመጣው። ቀጭን ኬብል ካለ ቮልቱ መንገድ ላይ ይቀራል። ጉልበቱ ደግሞ ከቮልቱ በላይ ነው የሚወርደው፣ 12 የነበረው 10 ተኩል ቢሆን ሩቡ ጉልበት ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ ባትሪው ከኋላ ሳይሆን ከትረስተሩ አጠገብ ይሁን። ኬብሉ ጣት ያክል ይወፍር። የባትሪው ራስ ላይ ነጭ ዱቄት እንዳይታይ። ካርቦኑንና ስፕሪንጉን እኔ ጋ አምጡት፣ በሐረጎ ወርዳችሁ። የሲኖትራክ ሞተሪኖ የሚያድስ ሰው ይህ አያቅተውም።

ፀሐፊዋ (ደሴ)፦
የሐረጎን መንገድ ትረስተር ተሸክሜ? ሌላ ሰው ላኩ። በሉ ቀጥሉ፣ እየጻፍኩ ነው።

ጋሼ (የቀድሞ ባሕር ኃይል፣ ኮምቦልቻ)፦
ልጆቼ፣ ሁላችሁንም አነበብኩ። ምጽዋ ሳለን ትንንሾቹ ጀልባዎች ላይ ይህ አልነበረም። በገመድ ነበር የምንጠጋው። ከጀልባው ወገብ አንዲት ገመድ አውጥተህ ወደ ኋላ፣ ማረፊያው ላይ ካለው ምሰሶ ጋር ታስራለህ። ከዚያ ሞተሩን በቀስታ ወደፊት ታስገባዋለህ። ገመዷ ወጠር ስትል ጀልባው ራሱ መጥቶ ይለጠፋል። ነፋስ ካለ ደግሞ በጀርባ ሳይሆን ፊት ለፊት ይዘህ ግባ። ይህን ሳይማር ማንሻ የሚነካ ሰው እንዳይኖር። ባትሪው የሞተ ቀን መንገደኛ ጭነህ ሐይቅ መሀል ልታድር ነው?

ሒሳብ ያዡ (ደሴ)፦
ጋሼ እንዳሉት ይሁን። እኔም የምደግፈው እንዲህ ከሆነ ነው። መጀመሪያ ወር ትረስተሩ ማብሪያ ማጥፊያው ጠፍቶ ይሠልጠኑ።

ከዱባይ የተመለሰው (ሆጤ)፦
ጋሼ፣ ልክ ብለዋል። እኔንም ያኔ እንዲህ ያለኝ ሰው ቢኖር ደመወዜ ይተርፍ ነበር።

ማብሪያ ማጥፊያው ከተነሳ አይቀር፣ ዋናው ማጥፊያ ከነጂው እጅ ሳይርቅ ይሁን። አንዳንዴ ሪሌው (ሞተሩን የሚያበራና የሚያጠፋው የኤሌክትሪክ ማብሪያ) ይጣበቅና ማንሻዋን ብትለቅም ትረስተሩ አልቆምም ይላል። ያኔ የሚያድነው እሱ ብቻ ነው። ቱቦው ውስጥ ፊላ ወይም የዓሣ መረብ ሲጠመጠም እጅ ከማስገባት በፊትም ይጥፋ። ማረፊያው ጋ የሚዋኙ ልጆችን እናንተም ታውቃላችሁ። ማንሻዋ ከመነካቷ በፊት አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ሁለቱንም ጎን ይይ።

ደግሞ ቤንዚን። የትረስተሩ ሞተር ካርቦን ስላለው ብልጭታ ይተፋል። የነዳጅ ጋኑ ካለበት ክፍል ጋር በፍጹም እንዳይገናኝ። ጀልባውን ልናይ ስንሄድ መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው። ከተገናኘ እኔ ፊርማዬን አላኖርም።

የኮምቦልቻው መካኒክ፦
የኋላው ሞተርስ? ከፍታው አይጎዳውም?

ከዱባይ የተመለሰው (ሆጤ)፦
ይጎዳዋል። ሐይቃችን 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስለሚሳሳ የቤንዚን ሞተር አምስተኛውን ያህል ጉልበቱን ያጣል። ትረስተሩ ግን ባትሪ እንጂ አየር አይበላም። ለነገሩ ደሴ የሚኖር ሰው ሆጤን ሲወጣ የሚያለከልከውን መኪና አይቶ ይህን ያውቃል።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ፕሮፔለሯ ጫፍ ላይ ዝገት በሷ ፋንታ እንዲበላት የምትታሰር ብረት አለች። የባሕር ጀልባ ላይ ዚንክ ነው የሚታሰረው። ጨው በሌለው ውኃ ዚንኩ ቆዳ ያወጣና ሥራ ያቆማል። ለሐይቅ ማግኒዥየም ነው የሚሆነው። ጀልባው ከባሕር ስለሚመጣ ዚንክ ይዞ ነው የሚደርሰው፣ ይቀየር። ቀለም እንዳትቀቡባት።

ሒሳብ ያዡ (ደሴ)፦
መለዋወጫ ስንት ልጻፍ?

ከዱባይ የተመለሰው (ሆጤ)፦
የመሰበሪያ ፒን አሥር። ትንሽ ዕቃ ናት፣ ቱቦው ውስጥ እንጨት ሲገባ እሷ ተሰብራ ሞተሩን ታተርፋለች። ሞተሩ በቀጭኑ እየጮኸ አፍንጫው ካልተንቀሳቀሰ እሷ ሄዳለች ማለት ነው። ቀጭ ብሎ ዝም ካለ ደግሞ ባትሪውን ወይም ሪሌውን እዩ። ካርቦን ሁለት ሙሉ፣ ፊውዝ ሦስት፣ የማርሽ ዘይትና የዘይት ማኅተም።

ፀሐፊዋ (ደሴ)፦
እሺ፣ አዲሱ 4ኛ ነጥብ እንዲህ ሆኗል። አንብባችሁ ቶሎ መልሱልኝ፦

«ማኅበሩ 9 ሜትር ርዝመት ያለው ያገለገለ የመንገደኛ ጀልባ እንዲገዛ ድጋፍ ይጠየቅ። ጀልባው ላይ ያለው ባው ትረስተር ለማረፊያ ብቻ ያገለግላል። የሚጠየቀው ገንዘብ ለትረስተሩ የሚሆን የራሱን ባትሪ፣ ወፍራም ኬብል፣ ዋና ማጥፊያና የሁለት ዓመት መለዋወጫ ይጨምራል። ነጂዎች ያለ ትረስተር፣ በገመድ ብቻ ጀልባ ማስጠጋት መቻላቸውን የማኅበሩ አንጋፋ አባል ሳያረጋግጡ ትረስተሩ አይበራም። የካርቦንና የሪሌ ፍተሻ በዓመት ሁለቴ ኮምቦልቻ ይደረጋል።»

ጋሼ (የቀድሞ ባሕር ኃይል፣ ኮምቦልቻ)፦
«አንጋፋ አባል» እኔ ነኝ?

ፀሐፊዋ (ደሴ)፦
ሌላ ማን አለን ጋሼ።

ጋሼ (የቀድሞ ባሕር ኃይል፣ ኮምቦልቻ)፦
እንግዲያው «በገመድ ብቻ» ከሚለው በኋላ «በነፋስ ቀን» ብለሽ ጨምሪበት ልጄ። ጸጥ ባለ ውኃ ማንም ያስጠጋል።

ፀሐፊዋ (ደሴ)፦
ጨመርኩ። ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ከፒያሳ ወደ ሐይቅ መኪና አለ፣ ማረፊያው ጋ ያለውን ጥልቀት እንለካለን። በበጋ ውኃው ሲሸሽ ቱቦው አሸዋ እንዳይጠጣ። ረዥም ሸምበቆ ያለው ይያዝ።