አባቴ «ግፊቴ ወርዷል» ብሎ ክኒኑን ሊተው ነው

የሐዋሳ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ አምና የልብ ደም ሥሩ ተዘግቶ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ሲወጣ አስፒሪን፣ የኮሌስትሮሉ አቶርቫስታቲን፣ ግፊት የሚያወርዱት ሜቶፕሮሎልና ኢናላፕሪል ታዘዘለት። አሁን ሲለካ 118/76 ነው። «ግፊቴ ወርዷል፣ ከእንግዲህ የግፊት ክኒን ምን ያደርግልኛል?» ይለኛል። ሌሊት ሌሊት ደግሞ ደረቅ ሳል አላስተኛ ብሎታል። እናቴ ነጭ ሽንኩርት በማር ሰጥታው ነበር፣ ጠብ ያለለት ነገር የለም። ምን ብዬ ላሳምነው?

ፋርማሲስቷ፦
የወረደው እኮ ስለሚውጠው ነው! ሜቶፕሮሎሉን በድንገት እንዳያቆም አደራ። ልብ ረጋ ብሎ እንዲመታ ያደርጋል፤ ረጋ ሲል የሚፈልገው ኦክስጅን ይቀንሳል። ደም ሥሩ የጠበበ ሰው በአንዴ ሲተወው ምቱ ይፈጥናል፣ ደረቱን ሊያፍነው፣ ልቡን ዳግም ሊጎዳው ይችላል። መቆም ካለበትም ቀስ በቀስ የሚቀንስለት ሐኪሙ ነው።

ኢናላፕሪልም ለቁጥሩ ብቻ አይደለም። የተጎዳ ልብ እየተለጠጠ እንዳይደክም ያግዛል። በፈረንጆቹ 2000 የወጣው «ሆፕ» የተባለ ጥናት ራሚፕሪልን፣ የኢናላፕሪልን ዘመድ፣ ከ9 ሺህ በላይ ሰዎች ላይ ፈትሿል። ግፊታቸው የወረደው በጥቂቱ ነበር። የልብ ጥቃት፣ ስትሮክ ወይም በእነዚህና በመሳሰሉት መሞት ግን ባዶ ክኒን ከዋጡት 17.8 በመቶውን ሲያጋጥም፣ ራሚፕሪል ከዋጡት ያጋጠመው 14 በመቶውን ነው።

ሳሉን ኢናላፕሪል ሊያመጣው ይችላል፣ የታወቀ ነው። ለሐኪሙ ንገሩት፣ በሎሳርታን ወይም በቫልሳርታን ሊቀይርለት ይችላል። ከንፈሩ ወይም ምላሱ ካበጠ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

ጡረተኛው፦
ልጄ፣ እኔንም ያው ሳል ቁም ስቅሌን አሳይቶኛል። ቤተሰቡ ሁሉ «ብርድ ነው» እያለ ጋቢ ሲደራርብብኝ ከረመ። በሎሳርታን ተቀየረልኝ፣ ተገላገልኩ። በማግስቱ አይደለም ታዲያ፣ ሳምንታት ወስዷል። የኩላሊትና የፖታሲየም ምርመራም ታዞልኝ ነበር፣ እናንተም ጠይቁ። አባትሽ ለቁርጥማት የሚውጠው ነገር አለ?

የሐዋሳ ልጅ፦
ውይ ጋሼ፣ አለ! ለጉልበቱ ዳይክሎፌናክ እየገዛ ይውጣል። ምን ችግር አለው?

ፋርማሲስቷ፦
አለው እንጂ። ግፊት ይጨምራል፣ ከኢናላፕሪል ጋር ኩላሊት ይጎዳል፣ ልቡ ለታመመ ሰው ጭራሽ አይመከርም። ለጉልበቱ ሌላ ነገር ሐኪሙ ይምረጥለት።

የሐዋሳ ልጅ፦
ሰኞ ቀጠሮ አለው። የሚውጠውን ሁሉ በፌስታል ይዤ አብሬው እገባለሁ።