የአውራሪስ ቀንድ ዋንጫ ሙዚየም ሲቀመጥ «መርዝ ያከሽፋል» የሚለው እምነት ይጻፍ ወይስ ይቅር? (ክርክር)

የጅሬኑ፦ ሰላም ጅማዎች! ትናንት አንድ ወንድማችን እዚህ ግሩፕ ላይ «እንዲህ ያለ ዋንጫ ሙዚየም ከገባ ስለ መርዙ ምንም አትጻፉ፣ አዳኝ መጋበዝ ነው» ብሎ ነበር፣ እኔ በጭራሽ አልስማማም። እምነቱን ካወጣችሁለት የሚቀረው ቀንድ ብቻ ነው። ወርቅና ብር የሞላው ንጉሥ በቀንድ የሚጠጣው መመረዝ ስለሚፈራ እኮ ነው፣ መርዝ ከነካው አረፋ ይደፍቃል ይባል ነበር። ደሞ የኛ ብቻ አይደለም፣ የኦስትሪያ ነገሥታት ሃብስበርጎች 2 ሜትር ከ43 የሚረዝም ጥርስ መርዝ ያከሽፋል የሚባለው የዩኒኮርን (ተረት ላይ ያለ ባለ አንድ ቀንድ ፈረስ) ቀንድ ነው ብለው በ1564 (በፈረንጆቹ) ከቤተሰቡ እንዳይወጣ ወስነውበታል። የናርዋል ጥርስ ነው፣ ናርዋል ባህር ውስጥ የሚኖር እንስሳ ነው። ዛሬም ቪየና አለላችሁ።

የሄርማታዋ፦ ወንድሜ፣ ቪየናን ተወውና ወደኛ ና። አውራሪስ ድሮ በሀገራችንም ነበር፣ አሁን የታለ? ቀንዱ እንደ ጥፍራችንና ፀጉራችን በአብዛኛው ኬራቲን ነው፣ ሌላ ተአምር የለውም። ንግዱን ሳይቲስ የሚባለው የዱር እንስሳት ንግድ ዓለም አቀፍ ስምምነት ከ1977 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ ከልክሎት እንኳን መድኃኒት ነው ብሎ የሚገዛ ስላለ ዛሬም ይገድሉታል። ሙዚየም ላይ የተጻፈን ነገር ሰው ያምናል በተለይ ልጆች፣ ይሄ ነው የሚያስፈራኝ።

ቡና ነጋዴው፦ አያቴ ቤት አንድ ነበረ። ጥቁር ይመስላል፣ ግን አፉ ጋ የሳሳውን ወደ መስኮት ስታዞረው ብርሃን ያሳልፋል፣ ልክ እንደ ማር። ብርዝ የሚቀዳበት ለትልቅ እንግዳ ብቻ ነበር፣ እኛን አያስነኩንም። ያንን ሳታወሩ ዋንጫውን ብቻ ብታሳዩኝ ምን ይገባኛል?

የጅሬኑ፦ እህቴ፣ ፍርሃትሽ ልክ ነው፣ ለዛ ነው እስከ መጨረሻው ይጻፍ የምለው። ቤዞር የሚባል ከፍየል ሆድ የሚወጣ ድንጋይ ነበር፣ እሱም መርዝ ያረክሳል ተብሎ ቤተ መንግሥት በወርቅ ይለበጥ ነበር። የፈረንሳዩ ሐኪም አምብሯዝ ፓሬ ግን አላመነም፣ የብር ሳህን ሰርቆ ሞት የተፈረደበት አንድ ወጥ ሠሪ መርዝ ጠጥቶ ድንጋዩን እንዲወስድ ተደረገ፣ ሰውየው ሰዓታት ተሠቃይቶ ሞተ። እምነቱ ሲጻፍ ይሄም ከጎኑ ይጻፍ።

የሄርማታዋ፦ እንደሱ ከሆነ እሺ። ግን ሞቱ ታች በትንሽ ፊደል እንዳይሆን፣ እኩል ይጻፍ፣ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም። እንስሳው ራሱ በፎቶ ከዋንጫው አጠገብ ይኑር፣ ልጆች የምን ቀንድ እንደሆነ ይዩ።