ፍራኪንግ ላይ «ኬሚካሉ 1 በመቶ ብቻ ነው» የሚለው ነገር ያስኬዳል?

የጣና ዳር መምህር
ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ነው ያለሁት፣ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ሰሞኑን በተፈጥሮ ጋዝ ጉዳይ ሲከራከሩ ከረሙ። አንዱ ወገን «ጋዝ ቢዳረስ ከሰል ይቀራል፣ ደኑም ይተርፋል» ይላል። ሌላው ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ድንጋይ በውሃ ግፊት እየሰነጠቁ ጋዝ የሚያወጡበት ፍራኪንግ የሚባለው ዘዴ የሰው ውሃ በክሏል ይላል። የአጎቴ ልጅ ቴክሳስ ውስጥ ለጋዝ ጉድጓዶች ውሃ በቦቴ ያመላልሳል፤ ደውዬ ብጠይቀው «አታስብ፣ 99 በመቶው ውሃና አሸዋ ነው፣ ኬሚካሉ 1 በመቶ ቢሆን ነው» አለኝ። ቁጥሩን እኔም አንብቤዋለሁ፤ ግን አልተዋጠልኝም። 1 በመቶ የስንት? ወደ ታች የገባው ውሃስ መጨረሻው የት ነው? የምታውቁ አስረዱኝ፣ ለልጆቹ የተድበሰበሰ ነገር መንገር አልፈልግም።

ዓባይ ማዶ
መምህር፣ እኔ የውሃ ጉድጓድ ቁፋሮ ላይ ነው የምሠራው። ጋዝ ቆፍሬ አላውቅም፣ የጉድጓድ ነገር ግን ይገባኛል።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራው። አሜሪካ ውስጥ ለአንድ ጉድጓድ የሚገባው ውሃ እንደ ቦታው ከ6 ሚሊዮን እስከ 60 ሚሊዮን ሊትር ይደርሳል። 20 ሚሊዮን እንበል። 20 ሺህ ሊትር የሚጭን ቦቴ 1,000 ጊዜ ይመላለሳል ማለት ነው። 1 በመቶው 200 ሺህ ሊትር ነው፤ ለአንድ ጉድጓድ ብቻ 10 ቦቴ ኬሚካል።

ቀጥሎ ኬዚንጉ ነው፣ ጉድጓዱ ውስጥ የሚገባው የብረት ቧንቧ ማለቴ ነው። ጋዙን የያዘው ሼል የሚባለው ድንጋይ ብዙ ጊዜ ከ1.5 እስከ 3 ኪሎ ሜትር ታች ነው፤ ቁፋሮው እዚያ ሲደርስ ወደ ጎን ታጥፎ በአግድም ይቀጥላል። የሚጠጣው ውሃ ደግሞ በጣም ወደ ላይ ነው። ስለዚህ ስንጥቁ ከታች ተነሥቶ ላይ ድረስ መምጣቱ ብርቅ ነው፣ ይሄንንም ለልጆቹ በሐቅ ንገራቸው። የሚያሰጋው መተላለፊያው ነው። ቧንቧው የሚጠጣውን ውሃ አቋርጦ ነው የሚወርደው። በብረቱና በጉድጓዱ ግድግዳ መሐል ያለውን ክፍተት ሲሚንቶ ይሞላዋል፤ ሲሚንቶው አንድ ቦታ ላይ ከሳሳ፣ ወይም ጭቃ ሳይጠራ ተሞልቶ ግድግዳውን ካልያዘ፣ ጋዙ በዚያች ክፍተት ሾልኮ ሽቅብ ይወጣል። ፔንሲልቫኒያ ውስጥ ዲሞክ በምትባል ቦታ እ.ኤ.አ. በ2009 በሰዎች የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ሚቴን ሲገኝ የግዛቱ ተቆጣጣሪዎች ምክንያት ያሉት በደንብ ያልታሸጉ ጉድጓዶችን ነው። እኛም ጋር አፉ በጥድፊያ የታሸገ ጉድጓድ ያስታውቃል፤ ክረምት ሲገባ ውሃው ይደፈርሳል።

ነርስ ከግሽ ዓባይ
ስለ ኬሚካሉ እኔ ልጨምር። ዝርዝሩ ውስጥ ጓር ሙጫ አለ፣ አይስክሬም ውስጥም የሚገባ ስለሆነ እሱ አያስጨንቅም። ነገር ግን ባክቴሪያ ለመግደል የሚጨምሩት ግሉታራልዴሃይድ አለ። እኛ እሱን የምናውቀው የሕክምና ዕቃ ስንዘፈዝፍበት ነው። ያለ ጓንት አይነካም፣ መስኮት ሳይከፈት አይሠራበትም፣ ሽታው ዓይን ያስለቅሳል፣ አስም ያለበትን ሰውማ ወዲያው ይቀሰቅስበታል። ሃይድሮክሎሪክ አሲድም አለ፣ የመኪና ራዲያተር ውስጥ የሚገባው ኢትሊን ግላይኮልም አለ። እርግጥ ብዙ ውሃ ውስጥ ይቀጥናሉ፤ ወደ ቦታው የሚጓዙት ግን ሳይቀጥኑ ነው፣ መንገድ ላይ ወይም ሲቀዱ የሚፈስሱትም እንደዚያው።

እኔን የሚያናድደኝ ምስጢሩ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣችው የኃይል ሕግ ናፍጣ ያለበትን ትቶ ፍራኪንግን ከመጠጥ ውሃ ጥበቃ ሕግ ቁጥጥር ነፃ አደረገው። ኩባንያዎች ዝርዝሩን የሚያሳውቁበት መዝገብ እ.ኤ.አ. በ2011 ቢከፈትም «የንግድ ምስጢር» እያሉ የሚያስቀሩት አለ። ሰው ታሞ ሲመጣ ምን እንደነካው ካልተነገረኝ ምን ብዬ ነው የማክመው?

ሽምብጥ ሰፈር
ሁላችሁም ጥሩ ብላችኋል፣ ግን እኛ ጋር ጋዝ የለም። ጋዝ የተገኘባቸው ካሉብና ሂላላ ሶማሌ ክልል ናቸው፤ የካሉብ ጋዝም በዋናነት ያለው በአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ነው እንጂ ሼል ውስጥ አይደለም፣ ስለዚህ ሁሉንም በአንድ አትክሰሱ። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ጭስ ስትስብ ነው የኖረችው። ሲሊንደር ጋዝ ቤቷ ቢገባላት ደስታውን አልችለውም። ጣናንም እያነቀው ያለው እምቦጭ ነው።

የድንጋይ ተማሪ
ወንድሜ ሽምብጥ፣ ስለ እናትህ ያልከው ልክ ነው፣ ጋዝ ከጭስ ይሻላል። ካሉብንም በትክክል ለይተሃል። መምህሩ የጠየቀው ግን ስለ ውሃው መጨረሻ ነው፣ ከኬሚካሉም በላይ ከባዱ እሱ ነው።

ከገባው ውሃ የተወሰነው ይመለሳል፣ ፔንሲልቫኒያ ባለው ማርሴለስ ሼል አብዛኛው እዚያው ታች ይቀራል። ፎገራ ላይ ገበሬው ከርብና ከጉማራ በፓምፕ ስቦ ሽንኩርት ሲያጠጣ ውሃው ተኖ ወይም ሰርጎ ተመልሶ ይዞራል። በጋ ላይ ወንዙ ሲሳሳ ከላይና ከታች ያሉት በተራ የሚጣሉትም ይሄው የሚዞር ውሃ አልበቃ ብሏቸው ነው። ከመሬት በታች 2 ኪሎ ሜትር የቀረው ግን ለዚህ ዘመን ሰው ጠፍቷል።

የሚመለሰው ደግሞ የገባው ዓይነት አይደለም። ድንጋዩ ውስጥ የኖረውን ጨው ይዞ ይወጣል፣ ከባሕር ውሃ ብዙ እጥፍ ጨዋማ ሊሆን ይችላል፤ ባሪየም፣ ብሮማይድ፣ ጨረር ያለው ራዲየምም ይገኝበታል። ተራ የፍሳሽ ማጣሪያ አይችለውም። ስለዚህ ወይ አጣርተው መልሰው ይጠቀሙበታል፣ ወይ ሌላ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ይከቱታል። ኦክላሆማ ከነዳጅና ከጋዝ ጉድጓዶች የወጣውን ጨዋማ ውሃ በብዛት ወደ ታች ስትከት መሬቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ፓውኒ ላይ የመንቀጥቀጡ መጠን 5.8 ደረሰ። የአሜሪካ አካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤትም በዚያው ዓመት ባወጣው ሪፖርት ፍራኪንግ በአንዳንድ ሁኔታ የመጠጥ ውሃ እንደሚጎዳ ገልጾ፣ ውሃ ባነሰበት ወቅት መቅዳትን፣ ኬሚካል መፍሰስን፣ በደንብ ያልታሸገ ጉድጓድንና ቆሻሻውን ውሃ ሽፋን በሌለው ጉድጓድ ማቆርን ጠቅሷል።

የጣና ዳር መምህር
ተባረኩ። አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ውሃው ተበክሎ ቢገኝ ከዚያ ጉድጓድ መምጣቱን ማን ያረጋግጣል?

ዓባይ ማዶ
ክርክሩ የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው። ሚቴን ቁፋሮ ሳይኖርም በተፈጥሮው ውሃ ውስጥ ሊገኝ ይችላል፤ ከቁፋሮው በፊት ያልተለካ ውሃ ላይ ሁለቱም ወገን የፈለገውን ይላል። ፔንሲልቫኒያ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣችው ሕግ ጉድጓዱ ከሰው ውሃ በ760 ሜትር ገደማ ክልል ውስጥ ከሆነና ብክለቱ በ12 ወር ውስጥ ከታየ ተጠያቂው ኩባንያው ነው ተብሎ ይገመታል፣ አይደለሁም ካለ ማስረጃ ማምጣት የሱ ፋንታ ነው። ለዚህ ነው እዚያ ኩባንያዎቹ ራሳቸው ከመቆፈራቸው በፊት የጎረቤቱን ውሃ የሚያስመረምሩት።

የኛ አገር የከርሰ ምድር ውሃ ደግሞ ባሕር ዳር ዙሪያ በተሰነጣጠቀ ጥቁር ድንጋይ ውስጥ ነው የሚሄደው፤ አንድ ቦታ የገባ ነገር ሌላ ቦታ ቶሎ ይወጣል፣ ምንጩ የመኪና እጥበት ቤት ይሁን ፋብሪካ። መምህር፣ የጨውነት መለኪያ በእጅ የሚያዝ ትንሽ ዕቃ ናት። ልጆቹ በየሰፈሩ ያለውን የእጅ ጉድጓድ አንዴ በበጋ አንዴ በክረምት ይለኩና ቀንና ቦታውን በደብተር ይያዙት። መለኪያ ካጣችሁ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ እኛ ጋር ካለው አውሳችኋለሁ።